የሰበታዋ አረጋሽ እና የጠፉት ደብተሮች

መስከረም ሲጠባ ሰበታ ብቅ በሉና የአንዱን ትምህርት ቤት የጠዋት ሰልፍ ተመልከቱ። ባንዲራው ተሰቅሏል፤ ከለጋሾች የመጣው ደብተር በካርቶን ተቆልሏል፤ ካሜራ የያዘ ሰው ፊት ለፊት ቆሟል። ከዚያ ማይኩ «የድሃ ድሃ ተብላችሁ የተመዘገባችሁ፣ ወደ ፊት ውጡ» ይላል። ልብ በሉ፤ ድሃ አንዴ መባል አልበቃ ብሎ ይደገማል።

የንብረት ክፍል ሠራተኛዋ አረጋሽ ይህን ሰልፍ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከመጋዘኗ በር ላይ ቆማ አይታለች። ካርቶኑን የምታወጣውም እሷው ነበረች። አምና ግን ኤዶም የምትባል የስምንተኛ ክፍል ልጅ ስሟ በማይክ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ አልወጣችም። ቦርሳዋን አንጠልጥላ በበሩ ወጣች፤ በዚያው ቀረች። ሁለት ሳምንት አለፈ። እስከ ዓርብ ካልመጣች ስሟ ከመዝገብ ሊሰረዝ ሆነ።

ማክሰኞ አረጋሽ የእነ ኤዶም ኪራይ ቤት ሄደች። እናትየዋ የአበባ እርሻ የቀን ሠራተኛ ናት፤ ገና ከሥራ መግባቷ ነበር።

«ምነው ቀረሽ?» አለቻት አረጋሽ ልጅቷን።

«የሰፈሩ ልጆች ‹የድሃ ድሃ መጣች› ይሉኛል፣ እትዬ። ስሜን ትተውታል።»

እናትየዋ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች፣ «ድሃ መሆናችንን መች አጣነው?» አለች። «ማይክ ምን አስፈለገው?»

በማግስቱ ጠዋት አረጋሽ የዳይሬክተሩን ቢሮ አንኳኳች።

«ኦቦ ቶሎሳ፣ ከእንግዲህ ለሰልፍ ካርቶን አላወጣም። ደብተር የሌለው ልጅ መጋዘን ይምጣና ‹ደብተሬ ጠፋ› ይበለኝ። እሰጠዋለሁ።»

«ሁሉም ጠፋ ቢልስ፣ እትዬ? የባለመኪናው ልጅ ሳይቀር?»

«የማን ጫማ ስንት ክረምት እንዳለፈው አውቃለሁ። አንድ ሁለቱ ቢያታልሉኝ ያታልሉኝ።»

«ለጋሾቹስ? ፎቶ ይጠብቃሉ እኮ።»

«የደብተሩን ያንሱ። ደብተር አያፍርም።»

ኦቦ ቶሎሳ ሳቁ፤ ከዚያ «ቶሌ፣ ይሁን» አሉ። በቃ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፦ ነገሩ በአንድ ጠዋት የሚያልቅ ከሆነ፣ እስከዛሬ ስንቱን ልጅ በማይክ አባረርን?

አረጋሽ ያንኑ ቀን አመሻሹ ላይ እነ ኤዶም ቤት ተመልሳ ልጅቷ የምትለውን ቃል አስጠናቻት። ሐሙስ ጠዋት ልጅቷ ዩኒፎርሟን ለብሳ መጋዘኑ በር ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ ደብተሬ ጠፋ።»

«ስንቱ?»

«ስምንቱም።»

«ስምንቱም በአንድ ቀን? እንዴት ያለሽ ዝርክርክ ነሽ አንቺ» አለችና ቆጥራ ሰጠቻት። እስክሪብቶም ጨመረችላት፤ እሱም ጠፍቶ ይሆናል።

በዚያ ዓመት መጋዘኑ በር ላይ ደብተር የጠፋበት ልጅ በረከተ። ለጋሾቹም የደብተር ክምር ፎቶ ተላከላቸው፤ ሳያጉረመርሙ ዘንድሮም ላኩ። ኤዶም ሚኒስትሪን አልፋ ዘጠነኛ ገብታለች።

ስለዚህ እርዳታ አይጠቅምም የሚል ሰው ቢመጣባችሁ አትስሙት፤ ይጠቅማል፣ ልጅ ያስተምራል። አሰጣጡን ነው ያበላሸነው። እናንተም ስጡ። ዛሬውኑ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ትምህርት ቤት ሂዱና የንብረት ክፍል ሠራተኛውን «ምን ጎደለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለማን እንደሆነ ግን እባካችሁ አትጠይቁ።