ያልለቀቅሁት ፍሪሲዮን

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርሁም። ሚስቴ ዕድሜዋን ሙሉ አብራኝ ኖራ ሳትሰማው ሞተች። ልጆቼም አያውቁትም። አንባቢ ሆይ፣ ማን እንደሆንህ ባላውቅም መጀመሪያ የምትሰማው አንተ ነህ። የደፈርሁት ፊትህን ስለማላይ ይሆናል፤ ይህም ራሱ ፍርሃት ነው።

ሰበታ ውስጥ ወፍጮ ቤት ነበረኝ። ፊደል የቆጠርሁት በራሴ ነው፤ ሒሳቡንም ከሚዛንና ከጆንያ ላይ ለቀምሁት። ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ እሱ በድካም ያገኘውን ሌላው ሳያውቀው ሲቀር ይቆጣል። እኔም እንዲያ ነበርሁ። የእድራችን ዳኛ ሆኜ፣ መዋጮ ያዘገየውን፣ ለቅሶ የቀረውን ሰው በጉባኤ መካከል አቁሜ እገሥጽ ነበር። «ከመንግሥት ግብር የሚደብቅ ከእግዚአብሔርም ይደብቃል» እል ነበር። ቃሉን ወድጄው ስለነበር ደጋግሜዋለሁ። ዛሬም የሚጠቅሱልኝ አሉ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ በሰፈራችን መኪና ያለው ሰው አልነበረም። አገሩ ሊገባ ከተሰናዳ ጣሊያን መካኒክ አንዲት ትንሽ ጥቁር መኪና ገዛሁ። ለዓመቱ ግብሯ ያስቀመጥሁት ገንዘብ ነበረኝ። በዚያው ገንዘብ ለምርቃቷ በግ አረድሁ፤ ለወንበሮቿም ልብስ አሰፋሁ። አጥቼ አይደለም፤ ሰው እንዲያይልኝ ብዬ ነው። መስተዋቷ ላይ የተለጠፈው ቦሎ ጊዜው ሲያልፍ የቅዱስ ሚካኤልን ሥዕል አምጥቼ በላዩ ላይ ለጠፍሁበት። ጎረቤቶቼ መንፈሳዊነቴን አደነቁ። እኔስ ምን አልሁ? ዝም ብዬ ተመሰገንሁ። ሰበታ ውስጥ የሚጠይቀኝ የለም፤ አዲስ አበባ መግቢያ ኬላ ላይ የሚቆመው ፖሊስ ግን ቦሎ ሳያይ አያሳልፍም። ስለዚህ ከዓለም ገና ወዲያ አልነዳም ነበር።

ጎረቤቴ ኦቦ ቶሎሳ ድንጋይ ጠራቢ ነው። የወፍጮ ቤቴን ግድግዳ የሠራው እሱ ነው። አንድ ጠዋት ከመሮው የተፈናጠረ የብረት ስባሪ ግራ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ዓይኑን በነጠላ አስይዘው ጎረቤቶች ደጄ አመጡት። «ጋሼ ተክሌ፣ አዲስ አበባ ሆስፒታል ያድርሱልኝ፤ የጠዋቱ አውቶቡስ አልፏል» አለች ሚስቱ።

በዚያች ቅጽበት ምን አሰብሁ? ዓይኑን አላሰብሁም። ያ ፖሊስ ሥዕሉን ገልጦ ከሥሩ ያለውን ሲያይ፣ መኪናዬን ሲይዝ፣ እነዚህ ሰዎች ተመልሰው ለእድሩ ሲያወሩ ታየኝ።

«ባትሪዋ ሞቷል» አልሁ።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ዋሸሁ ብዬ በጨረስሁ። ሰዎቹ ግን አመኑኝ። «ታዲያ ተገፍታ ትነሣ የለ?» አሉና ሸማቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ቶሎሳን ከጎኔ አስቀመጡት። ቁልፉን ከፈትሁ፤ ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ፤ ፍሪሲዮኑን ረገጥሁ። መኪና ለማታውቅ ልንገርህ፤ ፍሪሲዮን በግራ እግር የሚረገጠው ነው። እሱ እስከተረገጠ ድረስ ሞተሩና ጎማው አይገናኙም። መኪናዋ ተገፍታ ስትፈጥን እግርህን ታነሣለህ፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ይነሣል።

እኔ እግሬን አላነሣሁም።

ቁልቁለቱን ይዘው ገፉ። አቆሙ፣ ተነፈሱ፣ ደግመው ገፉ። እኔም መሪውን ይዤ እንደሚጥር ሰው ፊቴን አኮማተርሁ።

«ጋሼ ተክሌ፣ ይቺ እቴ ከእኔ አህያ ትብሳለች፤ ትለግማለች» አለ አንዱ እያለከለከ።

«አፍህን ያዝ፤ እሷ እንዳንተ አይደለችም፣ ግብሯን ከፍላለች» አለው ሌላው። ሁሉም ሳቁ። በእኔ መቀለዳቸው አልነበረም። ስብከቴን አስታውሰው ነው።

ያን ጊዜ ቶሎሳ «እኔ ነኝ የከበድኋት» ብሎ በሩን ከፍቶ ወረደ። አንድ እጁ ነጠላውን ዓይኑ ላይ እንደያዘ፣ በሌላው እጁ መኪናዬን ገፋ። በመስተዋቱ አየሁት። አይቼም እግሬን አላነሣሁም። ዓይኑ የሚደማ ሰው እየገፋኝ፣ እኔ ተቀምጬ ፍሪሲዮን እረግጥ ነበር። ከዚህ የባሰ ነገር በሕይወቴ አልሠራሁም።

ከድልድዩ ስንደርስ ተስፋ ቆረጡ። «ንብረትዎ ሜዳ ላይ አይደር» ብለው ዳገቱን መልሰው እየገፉ ደጄ አደረሱልኝ። ቶሎሳም «ገለቶማ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ደከሙልኝ» አለኝ። የከሰዓቱ አውቶቡስ ሞልቶ መጣና ሳይቆም አለፈ። ሆስፒታል የደረሰው በማግሥቱ ነው። ሐኪሙ «ትናንት ቢሆን ምናልባት» አለው። ዓይኑ ጠፋ።

በዚያው ሳምንት በአውቶቡስ አዲስ አበባ ሄጄ ግብሩን ከነቅጣቱ ከፈልሁ። ጸሐፊው ቀና ብሎም አላየኝ። ያን ያህል የፈራሁት ነገር ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ያህል እንኳ አልቆየም።

በአንድ ዓይን ድንጋይ መጥረብ አልሆነለትም፤ መዶሻው ጣቱን ይመታው ጀመር። ወፍጮ ቤቴ ዘበኛ አድርጌ ቀጠርሁት። ሰው ደግ አለኝ፤ ይህንንም ተቀበልሁ። በዚያ ሰሞን ልጄ ብርጭቆ ሰብሮ «እኔ አይደለሁም» ብሎ ዋሸኝና አለንጋ አነሣሁ። ቶሎሳ ዓይኑ እንደታሸገ መጥቶ ክንዴን ያዘ። «ይተዉት ጋሼ፤ ልጅ ነው፤ ሰው ሲፈራ ይዋሻል» አለኝ። ልጁን ለቀቅሁት። እኔ ግን ልጅ አልነበርሁም።

መኪናይቱን ሸጥኋት። ልጆቼ በየፊናቸው ሄደዋል፤ ቤቱ ጭር ብሏል። ማታ ማታ የሚያነጋግረኝ ቶሎሳ ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያን ደጅም፣ ለቅሶ ቤትም፣ የወፍጮ ቤቱ አግዳሚ ላይም ስንቀመጥ እኔ ሁልጊዜ በግራው በኩል ነኝ። ያን ቀንም በግራው ነበርሁ፤ እግሬን ያላየው ለዚህ ነው። ሊያናግረኝ ሲፈልግ አንገቱን ሙሉ ማዞር አለበት። ሲያዞር እኔ ወደ መንገዱ አያለሁ። ለእንግዳ ሁሉ «ያን ቀን ጋሼ ከእኔ ጋር አብረው ላባቸውን አፈሰሱ» እያለ ያወራልኛል። ይህን እየሰሙ ከሰው ጋር መቀመጥ ብቻዬን ከመቀመጥ ይከብዳል።

በጊዜው ቢደርስም ዓይኑ ይጠፋ ነበር ይሆናል። ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ? ሐኪሙ «ምናልባት» ያለውን ቃል ሲያሻኝ ወደ እኔ፣ ሲያሻኝ ከእኔ ላይ አዞረዋለሁ። እግሬ ግን ምናልባት የለውም። እግሬ ምን እንዳደረገ ያውቃል።

ቶሎሳ ማንበብ አይችልም። ይህን ጽሑፍ የማነብለት እኔው ነኝ። ይቅርታ አልጠይቀውም፤ ስለኮራሁ አይደለም። አውቀዋለሁ፣ መኪናዋን ሲገፋ እንኳ የቸኮለ ሰው ነው። መጨረሻውን ሳይሰማ «ይተዉት ጋሼ» እንዳይለኝ እፈራለሁ። ቢለኝም አልተወውም፤ ከመኪናዋ ከወረደባት ቦታ ጀምሬ እስከ ዳገቱ ድረስ አነብለታለሁ።

በቀኙ በኩል ተቀምጬ።