በጨረቃ ተማምኜ የማልሁት መሐላ

ቅዳሜ ጠዋት... መናኸሪያው አጠገብ ከጓደኛዬ ከይበልጣል ጋር ድንች እየላጥን ነው። ጥብስ ድንች ነው የምንሸጠው። በመሀል ቢላውን አስቀመጠና ከሸራ መጠለያችን ወጣ። ትንሽ ቆየና...

«ና እስቲ ውጣ» አለኝ።

«ዘይቱ ሊግል ነው፣ ወጥቼ ምን ላድርግ?»

«ና አልሁህ! ቀና በል። በባሕር ዳር መንገድ በኩል።»

ቀና አልሁ። ጨረቃ!

ፍጥጥ ባለ ፀሐይ... ፀሐይዋ ከኋላ ጀርባዬን እያሞቀችኝ፣ ጨረቃ ከፊት ለፊቴ ነጭ ሆና ቁጭ ብላለች። ከታች በኩል ትንሽ ተገምጣለች እንጂ ራሷ ናት። ዓይኔን ጨፈንሁ።

ለምን መሰላችሁ?

ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ አንዱ አስተማሪ በተማሪው ሁሉ ፊት «አንተ ጭንቅላት የተሰጠህ ለኮፍያ ነው» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ደብተሬን ጥዬለት ወጣሁ። ይበልጣል ማንም ሳይለው ተከትሎኝ ወጣ። «አንተን የሰደበ እኔንም ሰድቧል» አለኝ። ያን ቀን ወንድም አገኘሁ ብያለሁ። በዚያው ሁለታችንም ቀረን፣ ድንች ጀመርን።

ታዲያ በቀደም እናቴ ጠበል ጸዲቅ አዘጋጅታ የነፍስ አባታችን መምሬ እኛ ቤት መጡ። እናቴ ገና ከመቀመጣቸው ክሱን ጀመረች።

«አባቴ፣ ይሄን ልጅ አንድ በሉልኝ። ትምህርትህን ቀጥል ባልሁት ቁጥር እንደ ወይፈን ይዋጋኛል።»

እንግዳ ፊት! ደሜ ፈላ።

«እኔ የምመለሰው ጨረቃ በቀን ስትወጣ ነው!» አልሁ።

መምሬ አልተቆጡም። ጺማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና «በቀን ካየሃት ትመለሳለህ?» አሉኝ።

«እመለሳለሁ!»

«እንግዲያ መስቀሉን ሳም።»

ሳምሁ። ለእልህ ብዬ ደግሜ ሳምሁ። ይበልጣል አጠገቤ ዳቦ እየበላ ነበር፣ ትን አለው። ውኃ ያቀበልሁት እኔ ነኝ!

ለካ እኒያ ሰውዬ ጨረቃ ቆጥረው የፋሲካን ቀን የሚያወጡ ሰው ናቸው። ማን ፊት በማን እንደማልሁ አያችሁልኝ? ደግሞ እኮ እኔም ስንቴ በቀን አይቻት፣ ደመና መስላኝ አልፌያት ይሆናል...

ወደ ቅዳሜው ልመለስ።

«ይሄ ደመና ነው» አልሁት።

«ይሄን የመሰለ ጠርዝ ያለው ደመና የት አይተህ ታውቃለህ?»

«ሌሊት የምትወጣ ጨረቃ በጠዋት ምን ልትሠራ?»

የተላጠ ድንች አንስቶ እጄ ላይ አኖረ። «ክንድህን ዘርጋና ከጨረቃዋ ጎን ያዘው። ፀሐይ በየት በኩል አበራችው?»

ያዝሁት። ከላይ በርቷል፣ ከታች በኩል ጠርዙ ጠቁሯል። ቁርጥ ጨረቃዋን! ፀጉሬ ቆመ።

«አየህ፣ የራሷ መብራት የላትም። ፀሐይ ሁልጊዜ ግማሿን ታበራታለች። እሷ ምድርን ስትዞር ግን እኛ ያ የበራው አንዴ ሙሉው፣ አንዴ ቁራሹ ይታየናል፣ አንዴ ጭራሽ አይታየንም።»

«እሽ መገመጧስ ይሁን። በቀን መውጣቷስ?»

«ስለምትዞር በየቀኑ እየዘገየች ነው የምትወጣው። የሞላች ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ትወጣለች። በነጋታው ከመሸ፣ ከዚያ ደግሞ ከራት በኋላ... አርፍዳ የወጣች አርፍዳ ነው የምትገባው። ይኸው፣ ሳትገባ ነጋባት።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለአፍታ ደስ አለኝ። ድንቹን እያዟዟርሁ ሳይ የሆነ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ቦግ አለ። ወዲያው ግን አንድ ነገር ከነከነኝ።

«ይበልጣል... ይሄን ማን አስተማረህ?»

ቢላውን አነሳና የተላጠውን ድንች እንደገና መላጥ ጀመረ።

«የማታ ትምህርት ጀምሬያለሁ» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

«እናቴን አሟታል እያልህ ማታ ማታ ጥለኸኝ የምትሄደው...?»

«አዎ።»

«ብርቱካን የላክሁላትስ?!»

«በላችው። እግዜር ይስጥልኝ ብላሃለች።»

«መምሬስ ያውቃሉ?»

«ሰማዩ የጠራ ቀን ጠብቀህ አሳየው ያሉኝ እሳቸው ናቸው። እናትህም ታውቃለች።»

እናቴ፣ የነፍስ አባቴ፣ ጓደኛዬ... ሁሉም ዶልተውብኛል! ሰማይ ሳይቀር! ድንቹን ጨረቃዋ ላይ ወረወርሁት። ያረፈው የቆመ ባጃጅ ላይ ነው። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ «አንተ ልጅ ጤና የለህም?» ሲል «የለኝም!» አልሁት።

መሐላው አይደለም እኮ ያንገበገበኝ። ለእኔ ብሎ በሰው ሁሉ ፊት የወጣ ልጅ፣ ሲመለስ ተደብቆ ብቻውን መመለሱ ነው። እኔ ለሱ እናት ስጸልይ እሱ እኮ ደብተር ይዞ ቁጭ ብሏል!

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«ብነግርህ ትመታኝ ነበራ።»

እመታው ነበር፣ እውነቱን ነው። እውነት መሆኑ ራሱ አናደደኝ። ከዚያ ወዲያ እስክንዘጋ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈስሁም። ጨው አቀብለኝ ለማለት እንኳ በጣቴ ነው ያሳየሁት።

ሰኞ አመሻሽ ላይ ትምህርት ቤቱ በር ቆሜ ተገኘሁ። መስቀል ስሜ የት እገባለሁ? ክፍሉ ጢም ብሏል፣ ከእናቴ የሚበልጡ ሴትዮ ሁሉ ደብተር ገልጠው ተቀምጠዋል። ይበልጣል ከኋላ ወንበር ላይ ቦርሳውን አስቀምጦ ቦታ ይዟል። ሲያየኝ ቦርሳውን አነሳ።

አላናገርሁትም... ተቀመጥሁ ግን። ቆሞ ማኩረፍ ያደክማላ!