ስለ ነፍስ የወፈረች ድመት

ድመቲቱን ከመንዝ ያመጣት ባለቤቴ ነው። ክዳን ባለው ቅርጫት ከትቶ፣ ቅርጫቱን ከበቅሎው ኮርቻ ጀርባ አስሮ፣ ያን ሁሉ መንገድ አመጣት። ጓደኞቹ ባደርንበት ሁሉ ይስቁበት ነበር። «ሰው ጋሻ ይዞ ይዘምታል፤ አንተ ድመት!» ይሉታል። እሱ የቅርጫቱን ገመድ ያጠብቃል። ጎባ ደርሰን፣ ጎጆ ቀልሰን፣ የመጀመሪያው ገብስ ጎተራ ከገባ በኋላ ግን ሳቁ ቀረ። የባሌ ደጋ ምድሩ ሁሉ ቀዳዳ ነው፤ በየቀዳዳው አይጥ አለ። ሌላው ሰው እህሉን ከአይጥ ጋር ሲካፈል የኛ ጎተራ ደህና ከረመ። ከዚያ ወዲህ «ወለደች ወይ? አንድ ለኛ» ይሉ ጀመር። አልወለደችም፤ በሰፈሩ ሌላ ድመት አልነበረም። እኔም አልወለድሁም።

ባለቤቴን ውጋት ገደለው። ከጦርነት ተርፎ፣ ጉም ሳይገለጥ በሰነበተበት በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ጎኑን እንደያዘ ሞተ። ይህችን መስመር ከጻፍሁ በኋላ ብዕሬን ሁለት ቀን አስቀምጬው ነበር።

እንደ ወጋችን ባሏ የሞተባት ሴት እስከ አርባው ከቤት አትወጣም። ጠጉሬን ተላጭቼ፣ ማቅ ለብሼ፣ ቁርበት ላይ ተቀመጥሁ። እሳት አላነድም፣ ጎተራ አልከፍትም፤ የሚበላውን ጎረቤት ያመጣል፣ የሚሠራውን ጎረቤት ይሠራል። በዚያች ጨለማ ጎጆ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ አስብ ነበር፤ ወደ እናቴ መመለስ። እናቴ በአንድ ነጋዴ አፍ «ዓይኔ ሳይጠፋ ልይሽ» ብላ ልካብኝ ነበር። ሲራራ ነጋዴዎች ክረምት ሳይገባ፣ የዋቤ ወንዝ ሳይሞላ፣ ወደ ሸዋ ይነሣሉ። ሴት ብቻዋን ያን መንገድ አትወጣውም። የዚያ ዓመት መነሻቸው ከባለቤቴ አርባ በኋላ ጥቂት ቀን ቆይቶ ነበር።

የሰፈሩ ጦር አዛዥ ሻለቃውም ቃል ላከብኝ። ቤቱና ለባለቤቴ የተመሩት ገባሮች እስከ ተዝካሩ በእጄ ይቆያሉ፤ ከዚያ ለሌላ ወታደር ይሰጣሉ። «ከፈለገች ሰውየውን ታግባው፤ ካልፈለገች መንገዱ ክፍት ነው» ብሏል አሉ።

ስለዚህ ነገሬ ሁሉ በጎተራዬ ገብስ ላይ ቆመ። ገብሱ ካለ ለድግሱ ጠላው ይጠመቃል፣ እንጀራው ይጋገራል፣ ተዝካሩ ይወጣል፤ ተዝካሩ ከወጣ ከሲራራው ጋር እሄዳለሁ። የባሏን ተዝካር ሳታወጣ የሄደች ሴትን እናቷም ቀና ብላ አታያት።

ጥፋቴን የሠራሁት በሰባተኛው ቀን ነው። አጥር የምንጋራቸው አንዲት መነኩሲት ነበሩ፤ እማሆይ እንላቸዋለን። ያላቸውን አንድ ልጅ ተከትለው ከሸዋ መጥተው፣ ልጃቸው በዘመቻው ወድቆ፣ ብቻቸውን የቀሩ ናቸው። ያን ቀን ቂጣ በወተት ፈትፍተው አመጡልኝ። አልወርድ አለኝ። ድመቲቱ መጥታ እጃቸውን አሸተተች፤ ሰው እንደሚያጎርሱ ከፍትፍቱ ቆንጥረው ሰጧት። በላች።

«እዪልኝ» አሉ፣ «እሱም እንዲህ በእጁ ነበር የሚያበላት። የሟችን እንስሳ ማብላት ለነፍሱ ሳይቆጠርለት ይቀራል?» ወደኔ ዞሩ። «አንቺ ፊደል የቆጠርሽ ነሽ። ተጽፏል?»

አባቴ ደብተራ ነበር፤ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ዳዊት ያስደገመው እኔን ነው። በሰፈሩ ከካህናቱ በቀር የሚያነብ ሰው እኔ ብቻ ነበርሁ። ያን ሰዓት ግን የምፈልገው ለቅሶ ሊደርሱ ቤቱን የሞሉት ሴቶች ወጥተው በሩን እንዲዘጉልኝ ብቻ ነው። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። እንዲህ ያለ ነገር የትም ተጽፎ አላነበብሁም።

በማግስቱ ሁለት ሴቶች ለድመቲቱ ይዘው መጡ። በሦስተኛው ቀን ሰፈሩ ሁሉ። አንዷ ማለዳ፣ አንዷ ረፋድ ላይ፣ አንዷ ከብት ሲገባ። ፊት ለፊቴ የምትኖረው የጠመንጃ ያዡ ሚስት፣ አፏ የማይዘጋ ሴት፣ በቅጠል ቅቤ ጠቅልላ ትመጣለች።

«ነይ እስቲ አንቺ ሻለቃ» ትላታለች ድመቲቱን፣ «ግብርሽ ገብቷል!»

«ኧረ ዝም በይ አንቺ ልጅ» ይሏታል እማሆይ። «የነፍስ ነገር ነው።»

«እኔስ ለነፍሱ አይደል፣ እማሆይ? በሕይወቱ ሳለ ይቺን ቅቤ ቢለምነኝ እሰጠው ነበር?»

ሳቅሁ። ባለቤቴ ከሞተ የመጀመሪያ ሳቄ ነበር፤ ወዲያው ማቄን ወደ ፊቴ ሳብሁ።

ረቡዕና ዓርብ እማሆይ ራሳቸው እየመጡ ድመቲቱን ይጠብቃሉ፤ ቅቤም ወተትም እንዳትቀምስ። ለነፍስ የሚሰጥ ምጽዋት በጾም ቀን አይገደፍበትም ብለው በሶ በውኃ በጥብጠው ያቀርቡላታል። ድመቲቱ በሶውን ትክ ብላ ታየዋለች፣ ከዚያ እማሆይን ታያቸዋለች። የጠመንጃ ያዡ ሚስት ሲመሽ ቅቤዋን ይዛ ከች ትላለች።

ለድመቲቱ የመጣችው ሁሉ እኔንም ታየኛለች። በልቼ እንደሆን፣ አልቅሼ እንደሆን፣ ጓዜን ነካክቼ እንደሆን። ክፋት አልነበረባቸውም። ግን የቤቴ በር አንድ ቀን ተዘግቶ አልዋለም። «ተዉኝ» ማለት አልችልም፤ ሐዘንተኛን የሚጠይቅ ሰው አይመለስም። «ድመቲቱን አታብሉብኝ» ማለትም አልችልም፤ ባለቤቴን የነፍሱን ስንቅ መከልከል ነው። ያንን ያልሁት ራሴ ነኝ። እኔ ቁርበቱ ላይ ተቀምጬ እከሳለሁ፣ እሷ አጠገቤ ተኝታ ትወፍራለች። ቀድሞ ጎህ ሲቀድ በጎተራው ሥር ነበር የማያት፤ አሁን ከጉልበቴ ሥር አትነሣም።

ከሚመጡት ሴቶች አንዷ የኛ ሰው አልነበረችም። የባለቤቴ ገባር ሚስት ናት፤ ገብሱን የሚያመርቱልን እሷና ባሏ ናቸው። በየማለዳው በትንሽ ቅል ወተት ታመጣለች። የሷ አማርኛ ጥቂት ነው፣ የኔ ኦሮምኛ ከዚያ ያነሰ፤ በቅልቅሉ እንግባባ ነበር። ድመቲቱን አዱሬ ትላታለች፣ በነሱ ቋንቋ ድመት ማለት ነው። እኔን ጊፍቲ፣ እመቤት። አርባው ሊሞላ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ማለዳ በጓሮ በኩል መጣች። አንድ እጇ ወተቱን ይዟል፣ ሌላው ተጨብጧል። የተጨበጠውን በፊቴ ከፈተችው። የገብስ ገለባ ነው፤ ፍሬ የለበትም።

«ጊፍቲ፣ አዱሬ ጠግባለች። አይጥ ጎተራ ገብቷል። ከሥር በስቷል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ብዙ ቀን።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?»

ቅሉን መሬት አኖረች። «ገብሱ ከኔ ማሳ የወጣ ነው። አይጥ ቢበላው፣ እናንተ ብትበሉት፣ ለኔ ያው ነው፤ አንዴ ከእጄ ወጥቷል» አለች። «አሁን ግን ሊያልቅ ነው። ሲያልቅ ሌላ አምጡ እንዳትሉን ነው የነገርኩሽ። ሌላ የለንም። የቀረው ዘር ነው።»

«ወተቱንስ ለምን ታመጫለሽ?» አልኋት።

«ሁሉ ያመጣል። እኔ ብቀር ባሌን ይጠይቁታል።»

እሷ ልጆች ነበሯት። ራሴን አንዴ ብነቀንቅ የልጆቿ ወተት ወደኔ ድመት ሄደ።

እውነቱን ለመጻፍ ነው የተቀመጥሁት፤ ስለዚህ ይህንንም እጽፋለሁ። ያን ቀን ሙሉ ወደ ሻለቃው ለመላክ አስብ ነበር። «ለተዝካር ገብስ አነሰኝ» ብዬ ብልክ በሦስት ቀን ውስጥ ጎተራዬ ይሞላል፤ ከየት እንደሚሞላም አውቀዋለሁ። ተዝካሩም ይወጣል፣ እኔም እሄዳለሁ። ወደ ማታ የጠመንጃ ያዡ ሚስት ቅቤዋን ይዛ ስትመጣ አፌን ከፍቼ «ባልሽን ላኪልኝ፣ ለሻለቃው የምልከው ቃል አለኝ» ልላት ነበር። መሬት ላይ የቀረውን ባዶ ቅል አየሁት። «ነገ ሴቶቹን ሁሉ ጥሪልኝ» አልኋት።

መጡ። እማሆይ መደቡ ላይ፣ ሌሎቹ መሬት ላይ ተቀመጡ። ገለባውን ከማቄ ጫፍ ፈትቼ አሳየኋቸው።

«አይጥ ጎተራዬን ጨርሶታል። ድመቲቱ ጠግባ ተኝታለች። የሟችን እንስሳ ማብላት ለነፍስ ይሆናል የሚል ነገር የትም አላነበብሁም። እንድትሄዱልኝ ፈልጌ ነው አዎ ያልሁት።»

እማሆይ መቁጠሪያቸውን ያዙና ማንቀሳቀሱን ተዉት።

«ታዲያ ያ ሁሉ ቅቤዬ የት ደረሰ?» አለች የጠመንጃ ያዡ ሚስት።

«ያውልሽ፣ ተኝቷል» አለቻት አንዷ፣ ወደ ድመቲቱ በአገጯ እያሳየች።

ማንም አልሳቀም። እማሆይ ተነሥተው ወጡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። በሩ ያን ቀን ተዘጋ። ስመኘው የኖርሁት ዝግ በር ያ ነበር፤ ሲዘጋ ግን የሰው ኮቴ ስጠብቅ አመሸሁ። ድመቲቱም በማግስቱ የሚያበላት ስታጣ በር በሩን ስታይ ውላ፣ በሦስተኛው ቀን ጎተራው ሥር አደባች። ነገሩ ግን ረፍዶ ነበር። የቀረው ገብስ ለአንድ እንስራ ጠላም አይበቃም።

አርባው ሊሞላ ስምንት ቀን ሲቀረው እማሆይ ተመልሰው መጡ። ከኋላቸው ሁለት ሰዎች ገብስ የሞላ ስልቻ ተሸክመዋል። ገብሱ ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። እማሆይ ዘመድ ስላልነበራቸው፣ ሲሞቱ ማን ያስበኛል ብለው፣ ገና በሕይወት ሳሉ የቁም ተዝካራቸውን ሊያወጡ ለዓመታት ያጠራቀሙት ነው። ከአፋቸው እየቀነሱ ጎታቸውን ሲሞሉ አይቻለሁ።

«እማሆይ፣ ይህን አልቀበልም።»

«ማን ላንቺ ሰጠ? ለሱ ነው» አሉ።

«የእርስዎ ተዝካርስ?»

«እኔ ገና አልሞትሁም። እሱ ቸኩሏል።»

ይህን ያዩት ሴቶች ሁሉ በየቁናቸው ይዘው መጡ። የጠመንጃ ያዡ ሚስት የራሷን ስትገለብጥ ቀና ብላ አየችኝ። «ይሄኛውስ ተጽፏል?» አለችኝ።

ተዝካሩ በቀኑ ወጣ። ካህናቱ ጸለዩ፣ ድሃው በላ። ወደ ገባሩ ቤት ለሌላ ገብስ የሄደ ሰው አልነበረም።

ሲራራው በሚነሣበት ማለዳ ጓዜን አስሬ፣ ድመቲቱን በዚያው በመጣችበት ቅርጫት ከትቼ፣ እማሆይን ልሰናበት ገባሁ። እንድቀር አልጠየቁኝም። እንዲያውም «ሂጂ ልጄ፣ እናት እናት ናት» አሉኝ፤ ለመንገድም ቆሎ ቋጥረው አቆይተውልኛል። ግን ከጀርባቸው ጎታቸውን አየሁት። ክዳኑ ወርዶ ግድግዳው ላይ ተደግፏል፣ ውስጡ ተጠርጓል። እሳቸው ደግሞ እንደገና ልሙላው ቢሉ የማይሞሉበት ዕድሜ ላይ ነበሩ። ውጭ በቅሎዎቹ ሲጫኑ፣ ነጋዴዎቹ ሲጯጯሁ ይሰማኛል። ስሜን ጠሩ። ደግመው ጠሩ። ጎንበስ ብዬ የቅርጫቱን ክዳን ፈታሁት። ድመቲቱ ወጥታ ጎታውን ዞረችው፤ የሚጠበቅ ነገር እንደሌለበት ስታውቅ ምድጃው ዳር ተቀመጠች።

ቤቴ አዲሱ ወታደር ገባበት። እኔ በእማሆይ ጎጆ ቀረሁ። ደብዳቤ እየጻፍሁ፣ ለሰው እየፈተልሁ፣ ጎታውን በእፍኝ በእፍኝ ሞላሁት፤ ድመቲቱም እስክታረጅ ጠበቀችው። እማሆይ ዘጠኝ ዓመት ኖሩ። እወዳቸው ነበር። ቢሆንም ሲራራ በተነሣ ቁጥር ያን ቀን ሙሉ አላናግራቸውም ነበር፤ ሞታቸውን እንደ መንገድ ጓደኛ የጠበቅሁበት ቀንም አለ። እሳቸው ያውቁ ነበር። «ገና ነኝ ልጄ፣ ይቅር በይኝ» ይሉኝ ነበር።

በአምስተኛው ዓመት የእናቴ መርዶ መጣ።

የእማሆይን ተዝካር ከራሴ ገብስ አወጣሁ። ድግሱ ሲያበቃ የጠመንጃ ያዡ ሚስት እንስራዎቹን አብራኝ ስታጥብ ቆይታ፣ «እንግዲህ አሁን ትሄጃለሽ» አለችኝ።

«ወደ ማን?» አልኋት።

እሷም አጥባ ያስቀመጠችውን እንስራ አንሥታ እንደገና ታጥበው ጀመር።