ለውሻው የተረሳው ተልባ

የተቆላ ተልባ ሲሸተኝ ዛሬም ሆዴን ባር ባር ይለኛል። ዘንድሮም ለፋሲካ ጠዋት አንድ ብርጭቆ ለራሴ በጠበጥኩ። የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ የሰው ኮቴ ይሰማል፤ የእኔን በር የሚያንኳኳ ግን የለም። እህህ፣ ደክሞኛል። በዓሉ ራሱ ይደክመኛል። ብርጭቆውን ይዤ ስቀመጥ የመጣብኝ ደግሞ ውሻችን ነው፤ አትሳቁብኝ።

ያኔ እዚሁ ልደታ፣ ቆርቆሮ አጥር ባለው የጋራ ግቢ ነበር የምንኖረው። ውሻው የአባቴ ነበር። አባቴ ጌጃ ሰፈር ጋራዥ ይሠራ ስለነበር፣ አመሻሹ ላይ ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ ሲመጣ ውሻው ገና ከመንገዱ ጥግ ይለየውና በሩን ይቧጥጥ ነበር። አባቴ በመስቀል ሰሞን ሞተ። ለቀስተኛው ተበተነ፤ ውሻው ግን በየምሽቱ በሩ ሥር ተቀምጦ መጠበቁን አልተወም። እናቴም ብትሆን "ሞተ" የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። ካፖርቱን እንኳ ከሚስማሩ ላይ አላወረደችም።

ሁዳዴ ገባ። ግቢው በሙሉ ጿሚ ስለነበር ውሻውም በሽሮ ፍትፍት ከረመ፤ "ይኼስ ከእኛም ይብሳል" እያሉ ይቀልዱበት ነበር። የፋሲካ ዕለት እናቴ እንደ ልማዷ ለሁላችን ተልባ አጠጣችን። በጾም የከረመ ሆድ ሥጋ ሳይገባበት መለስለስ አለበት፣ ባይ ናት። ለውሻው ግን ማንም አላሰበለትም። ጎረቤታችን ባለሱቁ ጮማ ወረወረለት፤ ከጓሮ የሚኖሩት አሮጊት የወጥ ትራፊ ደፉለት፤ እኔም አጥንት ሰጠሁት። እያንዳንዳችን ብቻችንን የሰጠን መስሎን ነበር።

በማግስቱ በሩ ሥር አጣነው። ከውሃው በርሜል ጀርባ ተዘርሮ አገኘነው፤ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ሽታውንማ ተዉት። ውሻ ቤት አይገባም ብላ ከአባቴ ጋር ስትጨቃጨቅ የኖረችው እናቴ፣ አቅፋ አስገባችው። ያንን ካፖርት ከሚስማሩ አውርዳ አነጠፈችለት።

ባለሱቁ ብቅ ብሎ፣ "እትዬ፣ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጠው ያጠጡት፤ ፍቱን ነው" አላት።

"ጮማህ አነሰና? የእሱ አንጀት ያንተ አይደለም!" ብላ አባረረችው።

ያን ቀን ምግብ ከለከለችው፤ ውሃ ብቻ፣ እሱንም በትንሽ በትንሹ። በነጋታው ጥሬ ተልባ አፈላች፣ አጠለለች፣ እስኪበርድ ጠበቀች። እኔ መንጋጋውን ስይዝ እሷ በማንኪያ በጉንጩ በኩል ታንጠባጥብለታለች። የተረፈው እየተዝለገለገ በክንዴ ይወርዳል። "ጠጣልኝ የኔ ጌታ። አንተ ደግሞ እንዳትሄድብኝ" አለችው። ልጅ ብሆንም ገባኝ፤ ይህ ውሻ ቢሞት እናቴ አባቴን ደግማ ልትቀብር ነው። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ።

ከዚያ ሩዝ ቀቀለችለት፤ ጨው የለ፣ ዘይት የለ፣ ሽንኩርት የለ፣ ድቅቅ እስኪል። አሸተተውና ፊቱን አዞረ። ቆይቶ ግን ላስ አደረገው። "እሰይ! እሰይ!" አለች እናቴ፤ እልል ለማለት ምንም አልቀራትም።

እግሩ ሲጠና የመጀመሪያ ሥራው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? እየተንገዳገደ ሄዶ በሩ ሥር ተቀመጠ። አመሻሽ ነበር፤ ፀሐዩ ቆርቆሮው ላይ ቢጫ ሆኗል፣ ከመንገዱ የታክሲ ረዳቶች "ጠመንጃ ያዥ! ጠመንጃ ያዥ!" እያሉ ወደዚያ የሚሄድ ተሳፋሪ ይጠራሉ። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣችና አጠገቡ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ኋላ ራሱን እየዳበሰች፣

"አይመጣም እኮ። ሞቷል። ተነስ፣ ና እንግባ" አለችው።

ተነስቶ ተከተላት። ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥ፣ ካፖርቱ ላይ ነበር የሚያድረው።

አሁን አጥሩም በሩም ፈርሷል፤ እናቴም ውሻውም የሉም። ተልባዬን ይዤ በረንዳው ላይ ቆሜ፣ በሩ የነበረበትን ቦታ አያለሁ። ነይ እንግባ የሚለኝ ሰው የለም።