ያልደረቀው መስመር

የብርጓል ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው ከደብረ ማርቆስ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ በአንዲት ቁራሽ ጥቁር መሬት ነበር። የሚያርስላት የባሏ ወንድም ሙላት ነው። የምትዘራው ሽምብራ ግን ሦስት ዓመት በተከታታይ አበባ ሳያወጣ ከሥሩ ደረቀባት። ጎረቤቶቿ ዓይን ነው አሉ፤ ሙላት አፈሩ ነው አለ። ማንን እንደምታምን አላወቀችም።

በ1931 መስከረም ላይ ከጣልያን ጦር ሰፈር አንድ የእርሻ ሹም ከአስተርጓሚ ጋር መጣ። ደህናውን ማሳ ሁሉ አልፎ ሽምብራ የሚሞትበት መሬት የማን እንደሆነ ጠየቀ።

«የሚሞትበትን ነው የሚፈልገው?» አለች የብርጓል።

«የሚሞትበትን ነው» አለ አስተርጓሚው። እሱም የገባው አይመስልም ነበር።

ሹሙ ከየገበያው የለቀመውን ዘር፣ የደምበጫውን፣ የቁዩን፣ የጉንደ ወይኑን፣ ለየብቻው በመስመር አስዘራ። በየመስመሩ ራስ ላይ እንጨት አስተከለ። የደረቀውን እንዳትነቅል፣ የተረፈ ካለም ለዘር እንድትጠብቀው አዝዞ ሄደ። ከዚያ በኋላ በመንገዱ ላይ ውጊያ ስለተነሣ ጣልያኖቹ ከከተማ መውጣት ተዉ፤ ሹሙም አልተመለሰም።

በኅዳር መስመሮቹ ተራ በተራ ደረቁ። የደምበጫው ብቻ ቆመ። በሞተ ማሳ መካከል የለመለመ መስመር ከሩቅ ይጠራል፤ እሸት ደግሞ ለመንገደኛ አይከለከልም። የብርጓል ከማሳው ዳር መዋል ጀመረች። ጎራ ለሚል ሁሉ «በሽታ አለበት፣ ሆድ ይነፋል» ትላለች። ከልካይ መባል ያሳፍራታል። ነገር ግን ይህ ዘር ካለቀ በዚያ መሬት ላይ የሚበቅልላት ሌላ እንደሌለ በዓይኗ አይታለች።

በታኅሣሥ አርበኛው የእህቷ ልጅ እንዳላማው ከጓደኛው ከቢተው ጋር ከዱር ወጣ። ሁለቱም ርቧቸዋል። መስመሩ ላይ ተቀምጠው ይነቅሉ ጀመር።

«ተው እንዳላማው! እሱን አትንካው፤ ቤት ቂጣ አለልህ።»

«ምነው አክስቴ፣ እሸት መከልከል ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ጣልያን ያስዘራው እኮ ነው» አለ ቢተው፤ ወሬውን ሰምቶ ነበር። «ለጌታዋ እየጠበቀችለት ነው።»

«አፍህን ያዝ! ዘሩ የደምበጫ ነው» አለች የብርጓል።

«እንግዲህ የጣልያን ከሆነ ነቅለን እንጥለዋለን፤ የደምበጫ ከሆነ እንበላዋለን። አንዱን ምረጪ፣ እትዬ» አለ ቢተው እየሳቀ።

የብርጓል አንዱንም መምረጥ አልቻለችም። ሁለቱም ትክክል መሰሏት፤ በሁለቱም ግን ዘሩ ያልቃል።

«ለማርያም የተሳልሁት ነው» አለች።

እንዳላማው የነቀለውን እሸት ቀስ ብሎ መሬት ላይ አኖረ። ቢተው አፉ ውስጥ ያለውን ይዋጠው ይትፋው ግራ ገባው።

እነሱ ከሄዱ በኋላ የብርጓል እዚያው ቆማ ቀረች። ከዚያች ሰዓት በፊት ምንም አልተሳለችም። አሁን ግን ሰው እየሰማ ከአፏ ወጥቷል። ስለት ይሁን ውሸት የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም።

በየካቲት ሽምብራውን ወቃችው፤ አንድ ቁና አልሞላም። ይዛው ወደ ማርያም ገበዝ ወደ ቄስ ፍሥሐ ሄደች።

«ደግ አደረግሽ። ለወሩ በዓል ንፍሮ ይሆናል» አሉ ቄሱ።

«የለም አባቴ፣ እንዲዘራ ነው።»

«ማን ይዘራዋል? ማርያም ሞፈር ትጨብጥ?»

«እኔ አዘራላታለሁ። በእኩል።»

«ከእመቤታችን ጋር በእኩል ልታሳርሺ!»

«መሬቱ የኔ፣ ዘሩ የሷ። ምርቱን እንካፈላለን።»

ቄስ ፍሥሐ ቁናውን አዩ፣ ሴትዮዋን አዩ። ሊቆጡ አስበው እንደሆነ ፊታቸው አያስታውቅም። «እንዲህ ያለ ስለት ሰምቼ አላውቅም» አሉ በመጨረሻ። «ድርሻዋን ስታመጪ እኔው ራሴ እሰፍራለሁ።» ቁናውንም መለሱላት።

የብርጓል ማርያምን አታልላት ይሁን ተሻርካት ሳይገባት ቤቷ ገባች። ዘሩን ነቀዝ እንዳያገኘው ከአመድ ጋር ለወሰችና ቅል ውስጥ ጨምራ አፉን በጭቃ መረገችው።