የእህቴ ኮምፒውተርና የእኔ

በእህቴ እቀና ነበር። ልናገረውና ይውጣልኝ። ከዓረብ አገር የተመለሰች ታናሽ እህቴ ናት፤ የቀናሁት ግን በወርቋም በልብሷም አይደለም፤ በእናታችን ነው።

እማዬ ከይፋግ መጥታ እኔ ዘንድ መኖር ከጀመረች ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። መድኃኒቷን የምሰጣት እኔ፣ ቤተ ክርስቲያን የማደርሳት እኔ። እህቴ ስትመጣ እዚሁ ደብረ ታቦር፣ ከእኔ ቤት በባጃጅ አምስት ደቂቃ በማይሞላ ቦታ ቤት ተከራየች። ከቴሌቪዥኗ ጋር ቁራሽ ዳቦ የምታህል፣ ያገለገለች ኮምፒውተር አገናኘች። ፊልም ከሚጭኑ ልጆች ዘንድ ተከታታይ ድራማ አስጭና ትመጣለች። እማዬ መጀመሪያ ቅዳሜ ቅዳሜ ትሄድ ነበር። ከዚያ እሑድን ጨመረች። ግንቦት ላይ ምስር እየለቀመች፣ “ክረምቱን እዚያው ብከርምስ?” አለችኝ።

“ክረምት እስኪገባ እናያለን” አልኋትና ወደ ጓዳ ገባሁ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስንከባከባት ኖሬ፣ በአንዲት ሳጥን ልትወሰድብኝ ነው እንግዲህ።

ዕቁብ ሲወጣልኝ ቀጥ ብዬ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሄድሁ። ባለሱቁ ጨዋ ሰው ነው፤ “ለፊልም ብቻ ከሆነ ይቺ ትንሿ ትበቃዎታለች፤ አትሞቅም፣ አትጮህም” እያለ ሊመክረኝ ሞከረ። እኔ ደግሞ የእህቴን የምታህል ነገር በዓይኔም ማየት አልፈለግሁም። “የመጨረሻው ትልቁ የቱ ነው?” አልሁት። ለጌም የተሠራ፣ ሰማያዊና ቀይ መብራት የሚያበራ፣ ለሁለት ሰው ሸክም የሚሆን ኮምፒውተር አሸክሜ መጣሁ። ሲነሣ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት ያጓራል። ያጓራ፤ እኔ ምን ቸገረኝ!

እማዬን ፊት ለፊቱ አስቀመጥኋት። ስብከት ከፈትሁላት፣ መዝሙር ከፈትሁላት፤ በሷ ዕድሜ የሚገባት ይሄ ነው ብዬ። ኪቦርዱን ልትነካ እጇን ስትሰድ፣ “ተይው፣ እኔ አለሁልሽ አይደል” እላታለሁ። “እስቲ ያቺን መዝሙር መልሺያት” ስትለኝ፣ “አሁን አየናትኮ” እላታለሁ። እሷም “እግዜር ይስጥልኝ” ትለኛለች፤ ልክ ለባዳ እንደሚባለው። ከዚያ ታንቀላፋለች። ቅዳሜ ሲደርስ ነጠላዋን ደርባ ውልቅ።

አንድ ቅዳሜ መድኃኒቷን ረስታለች ብዬ ተከትያት ሄድሁ። ሰበብ ነው እንጂ አልረሳችም። እህቴ ጓሮ ልብስ ታጥባለች። በሩ ገርበብ ብሏል። አጮልቄ ሳይ እማዬ ብቻዋን ተቀምጣለች፤ ኪቦርዱ ጭኗ ላይ ነው። ሦስት ቁልፎች በቀይ የጥፍር ቀለም ተቀብተዋል። ድራማው ውስጥ አንዲት ክፉ አማት በእንግዳ ፊት ስትዋረድ፣ እማዬ አንዱን ቀይ ቁልፍ ጫን አለችና አቆመችው። ሁለተኛውን ነካችና ወደ ኋላ መለሰችው። በሦስተኛው አስቀጠለችው፤ አማትዮዋ እንደገና ተዋረደች። እናቴ ሳቀች። ሦስት ጊዜ መለሰችው፣ ሦስት ጊዜ ሳቀች። እኔ ቤት እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ለካ ለእህቴ ብላ አልነበረም የምትሄደው። እህቴ አጠገቧም የለችም። ያን ጊዜ የባሰ ቀናሁ።

ድምፄን ሳላሰማ ተመለስሁና ቀይ የጥፍር ቀለም ገዛሁ። ኩራቴን ዋጥ አድርጌ እህቴን ድራማውን ለመንኋት፤ ምንም ሳትጠይቀኝ ገልብጣ ሰጠችኝ። ሦስቱን ቁልፎች ቀባሁና ኪቦርዱን እማዬ ጭን ላይ አስቀመጥሁ። “ከዛሬ ጀምሮ አንቺው ንኪው” አልኋት።

ደስ አላት። ጣቷን አነሣች። ከመጫኗ በፊት ግን ዞር ብላ ፊቴን አየች። ራሴን ነቀነቅሁላት፤ ተጫነች። ለሁለተኛው ቁልፍም አየችኝ። ለሦስተኛውም። እህቴ ቤት ማንንም አላየችም ነበር።

ከአጠገቧ ብሄድላት ይሻላል ብዬ ጓዳ ገባሁና ጆሮዬን ጣልሁ። አማትዮዋ ተዋረደች፤ ድራማው ግን አልተመለሰም፣ እየቀጠለ ሄደ። ብቅ ብዬ ሳይ እማዬ ጣቷን ከቀዩ ቁልፍ በላይ እንዳነሣች፣ ዓይኗን የጓዳው በር ላይ ተክላ እኔን ትጠብቃለች።