ራዲያተሩን ያጠብንበት ቅዳሜ

አባቴ ግራ ጎናቸውን ሽባ ሆነው ወደ እኛ የመጡት መጋቢት ላይ ነበር። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው። እኔ ያኔ ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ቤት ተከራይቼ ቀን አስተምራለሁ፤ ከመሸም የማታ ተማሪዎች አሉኝ። በዚያ ላይ ግምገማ የሚሉት ማለቂያ የሌለው ስብሰባ አለ። አባቴን ማንሳት፣ ማጠብ፣ ማልበስ የእኔ ድርሻ ነበር። ባለቤቴ ላግዝህ ብትልም እሳቸው "ምራቴ ገላዬን አታይም" ብለው እምቢ አሉ። ከሁለት ወር በኋላ ቆሜ ማንቀላፋት ተለማመድኩ።

ግንቦት ውስጥ አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ እኔና አባቴ ቱላ ልቅሶ ደርሰን ስንመለስ መኪናችን ፈላች። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎቱ ሲትጎለጎል መንገድ ዳር አቆምኩ። ጥላ የሚባል ነገር የለም። ሞተሩ እስኪበርድ፣ ውሃም ፈልጌ እስክመጣ አንድ ሰዓት አለፈ። ስመለስ አባቴ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል፤ ሱሪያቸው ርሷል። ብቻቸውን መውረድ አይችሉም፣ የሚጠሩትም ሰው አልነበረም። ነጠላዬን ጉልበታቸው ላይ ጣል አድርጌ እየቆምን፣ ውሃ እየጨመርን ቤት ገባን።

ሰኞ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበራቸው። እንደዚያ ሆነው ደግመው እንዲሄዱ አልፈለግሁም። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ፒንሳዬን ይዤ ወጣሁ። አባቴም "አውጣኝ" አሉ። ወንበራቸውን መኪናዋ አፍንጫ ሥር አስቀመጥኩላቸው።

የራዲያተሩን ክዳን ከፍቼ የታችኛውን የውሃ ማስተላለፊያ ጎማ ስነቅለው፣ የወጣው ውሃ አይባልም፤ ጭቃ የመሰለ ዝገት ነው። ጎማውን መልሼ ንጹሕ ውሃ ሞላሁ፣ ሞተሩን አስነስቼ ትንሽ አሠራሁት፤ አጥፍቼ እስኪበርድ ጠብቄ ደግሞ አፈሰስኩ። አሁንም ቀይ ነው። ቧንቧ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነበር የሚመጣልን፤ ባለቤቴ ለልብስ ያጠራቀመችውን በርሜል ነው የምቀዳው። አራተኛው እጥበት ላይ የበርሜሉ ታች ታየ።

"ይበቃዋል" አልኩ።

"ገና ነው" አሉ አባቴ። ምላሳቸው ስለሚከብድ ቃሉን ለማውጣት ይታገላሉ። "ገና... አልጠራም።"

"አባባ፣ አሁንስ ይተዉኝ! ውሃውን ከየት ላምጣ? እኔስ ሰው አይደለሁም?"

ጮኼ ነበር። ባለቤቴ ከበሩ ላይ አየችኝና ተመልሳ ገባች። አባቴ ደህናውን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ፤ መነሳት አቃተኝ።

ጩኸቴን ከአጥር ማዶ ያሉት ጎረቤታችን ሰምተዋል። በዕድሜ የገፉ የቱላ ሰው ናቸው፤ በቸርቻቸውም ሽማግሌ ናቸው። በአጥሩ ላይ ብቅ አሉና አባቴን "ደህና አደሩ?" ካሉ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

"የጣራ ውሃ አለ፤ ሌሊት ዘንቦ በርሜሉ ሞልቷል። ና ቅዳ።"

"እግዜር ይስጥልኝ፤ ለእርስዎስ?"

"ዛሬም ይዘንባል" አሉና ባልዲውን በአጥሩ ላይ አቀበሉኝ።

አባቴ ቀና አሉ። "የዝናብ... ለራዲያተር ደግ ነው። ጨው የለውም።"

ሁለት ጊዜ ደግሜ አጠብኩ። በሁለተኛው የወጣው ውሃ የተቀበልኩበት ባልዲ ወለል እስኪታይ ጠራ። ጎማውን አጥብቄ፣ ኩላንት የሚሉትን አረንጓዴ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ከዝናቡ ውሃ ጋር ቀላቅዬ ሞላሁና ክዳኑን ልዘጋ ስል አባቴ እጄን ያዙኝ።

"አየር አለው። ክፍቱን... አስነሳ። ማሞቂያውንም ክፈት።"

በሐዋሳ ሙቀት የመኪና ማሞቂያ ከፍቼ አላውቅም። እንዳሉኝ አደረግሁ። ሞተሩ እየሠራ፣ ከራዲያተሩ አፍ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፤ አባቴ ዓይናቸውን ከዚያ አይነቅሉም። እኔ የመኪናዋ የፊት እግር ላይ ተደግፌ እንቅልፍ ወሰደኝ።

የቀሰቀሱኝ ትከሻዬን መታ አድርገው ነው። የላይኛውን የውሃ ጎማ በጣታቸው ነካ እያደረጉ ነበር። "ሞቀ። አሁን ወረደ፤ ጨምር።" እውነትም ውሃው ጎድሏል፤ ሞላሁት። አረፋው ሲያበቃ ክዳኑን ዘጋሁ።

"ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው።

"ደክሞህ ነው" አሉ። "እኔም አባቴ ላይ ጮኼ አውቃለሁ። ይቅር ሳይለኝ ሞተ።"

ሰኞ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። የሞተሩ ሙቀት መለኪያ ቀስት ከመሃል አላለፈም፤ ስንመለስም እንዲሁ። አባቴ እየተመለከቱት መጡና በፒያሳ በኩል ስናልፍ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ቤት ደርሰን ሞተሩን አጠፋሁ፤ አልቀሰቀስኳቸውም። ተሸክሜ ለማስገባት ጉልበት ስላልነበረኝ እኔም መቀመጫዬን ወደ ኋላ ለቀቅ አድርጌ አጠገባቸው ተኛሁ።